ከአጫጭር ልቦለዶች መድበል ጥቅስ ወስዶ በበይነ መረብ መዝገበ ቃላት ውስጥ ስለ ማስፈር

መዝገበ ቃላት ከአንድ ፍቺ ሥር ጥቅስ ሲያስቀምጥ ለአንባቢው የሚለው ነገር ግልጽ ነው፤ ይህ ቃል በዚህ ፍቺ፣ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ጸሐፊ ተጽፏል፤ ካላመኑ መጽሐፉን ገልጠው ይዩት። ስለዚህ የምንጩ አጻጻፍ አንባቢውን ያለ እንግልት እስከዚያው ገጽ የሚያደርሰው መሆን አለበት። ረጅም ልቦለድን መጥቀስ በዚህ ረገድ ብዙ አያስቸግርም፤ አንድ ደራሲ፣ አንድ ርእስ፣ አንድ የመጀመሪያ እትም አለው። የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ግን ከውጭ ሲያዩት አንድ መጽሐፍ፣ ከውስጥ ሲገቡበት ብዙ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ታሪክ የራሱ ርእስ አለው፤ አንዳንድ ጊዜም የራሱ ደራሲና መድበሉ ከመታተሙ ብዙ ዓመት የቀደመ የራሱ የኅትመት ታሪክ አለው። ጠቃሹ መድበሉን እንደ አንድ ወጥ ሥራ ከቆጠረው በዓመቱም፣ በስሙም፣ በቆጠራውም ይሳሳታል። እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፤ የሚጠቀሰው ታሪኩ ነው፣ መድበሉ ታሪኩ የሚገኝበት ስፍራ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከዚህ ደንብ የሚወጣ ነው።

ጥቅስን ለፍቺ ማስረጃ የማድረግ ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ጥቅሶችን አስገብቶ ነበር፤ ሆኖም በአብዛኛው የጸሐፊውን ስም ብቻ፣ ቢበዛም የሥራውን ርእስ ይጨምር ስለነበር አንባቢው ጥቅሱን ከመጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ ለማግኘት ይቸገራል። ጥቅሶችን ማሳጠሩ የጸሐፊውን ሐሳብ ሊያዛባ እንደሚችልም ራሱ በመቅድሙ ላይ አልሸሸገም። ከእርሱ በኋላ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አርታዒ ጄምስ መሪ በ1879 ለአንባብያን ባቀረበው ጥሪ፣ በጎ ፈቃደኞች ከሚያነቡት መጽሐፍ ቃሉን፣ ዓመቱን፣ ደራሲውን፣ ርእሱን፣ ገጹንና ሙሉውን ዓረፍተ ነገር በቁራጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው እንዲልኩለት ጠየቀ። ከ1884 ጀምሮ በክፍል በክፍል እየታተመ በ1928 የተጠናቀቀው ያ ሥራ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ጥቅሶችን ይዞ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 እንደ ተጀመረው ዊክሽነሪ ያሉ ማንኛውም ሰው የሚያርማቸው የበይነ መረብ መዛግብተ ቃላት ቁራጭ ወረቀቱን በስክሪን ላይ በሚሞላ ቅጽ ተኩት እንጂ የሚጠየቀው መረጃ ያው ነው። ልዩነቱ ቀድሞ የበጎ ፈቃደኛውን ወረቀት የሚመረምር አርታዒ በመካከል መኖሩ ነበር፤ ዛሬ ጠቃሹ የጻፈው ወዲያውኑ ለዓለም ይታያል፤ ምርመራውን አስቀድሞ ራሱ ማድረግ ይኖርበታል።

የትኛው ዓረፍተ ነገር ይመረጥ?

አጭር ልቦለድ ለቃላት አዳኝ ጥሩ ምድር ነው። ታሪኩ ጠባብ ስለሆነ ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን በንግግራቸው ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል፤ በዚህም የተነሣ በጋዜጣም ሆነ በጥናታዊ ጽሑፍ የማይገኝ የአፍ ቋንቋ፣ የሙያ ቃል፣ የስድብና የቁልምጫ አነጋገር፣ የአካባቢ ዘይቤ በምልልሱ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። አንድ የአነጋገር ፍቺ በጽሑፍ መዋሉን ማሳየት የሚፈልግ ሰው ከሌላ ምንጭ አስቀድሞ ምልልስ የበዛባቸውን መድበሎች ቢያነብ ድካሙ አይባክንም። ነገር ግን በገጸ ባሕርይ አፍ የተነገረ ቃል የደራሲው የራሱ ቋንቋ ላይሆን ይችላል። ደራሲው የአንድ ሽማግሌን አነጋገር ለማሳየት ሆን ብሎ ያረጀ ቃል ቢጠቀም፣ ያ ጥቅስ ቃሉ በታተመበት ዓመት በሁሉም ዘንድ ይነገር እንደ ነበር አያረጋግጥም። እንዲህ ያለ ጥቅስ ሲገባ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ የሚያሳይ አጭር ሐረግ፣ ለምሳሌ «አለ ሽማግሌው» የሚለው፣ ከጥቅሱ እንዳይቆረጥ ማድረግ ይበቃል።

በቃሉ መጠቀምና ስለ ቃሉ መናገር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ቀዘቀዘ» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ለማሳያ ያህል እኔው የሠራኋቸው ስለሆኑ በየትኛውም መዝገበ ቃላት ጥቅስ ሊሆኑ አይችሉም፤ ቢበዛ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ተብለው ሊገቡ ይችሉ ይሆናል። «መምህሩ ቀዘቀዘ የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ጻፈ» ቢባል ቃሉ ተጠራ እንጂ ሥራ ላይ አልዋለም፤ ለማስረጃ አይበቃም። «ከዚያ ወዲህ ቀዘቀዘ» ቢባል ቃሉ ሥራ ላይ ውሏል፤ ነገር ግን የቀዘቀዘው ውኃ ይሁን፣ አየር ይሁን፣ ወዳጅነት ይሁን አይታወቅም። «በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣ የነበረው ደብዳቤዋ በወር አንዴ ሆነ፤ ፍቅራቸው መቀዝቀዙን ያወቀው ያን ጊዜ ነው» የሚለው ግን ፍቺውን ያላንዳች ማብራሪያ ያሳያል፤ ፍቺውን የማያውቅ ሰው እንኳ ከዓረፍተ ነገሩ ሊገምተው ይችላል። ለተለዋጭ ፍቺ የሚመረጥ ጥቅስ እንዲህ መሆን አለበት። ሁለት ፍቺዎችን በእኩል የሚቀበል ጥቅስ ምንም ያህል ውብ ቢሆን ከየትኛው ፍቺ ሥር እንደሚገባ ስለማይታወቅ ቢቀር ይሻላል፤ ደራሲው ሆን ብሎ በሁለት ፍቺ የተጫወተበት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የታሪኩ ወይም የመድበሉ ርእስም ዐውድ ስለሌለው ለፍቺ ምስክርነት ደካማ ነው።

ርዝመትን በተመለከተ፣ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እዚህ ላይ የአጭር ልቦለድ ጠባይ ጥንቃቄን ይጠይቃል፤ ከ400 ገጽ ልቦለድ የተወሰደ አንቀጽ ከምንም የማይቆጠር ሲሆን፣ ከሦስት ገጽ ታሪክ የተወሰደ ተመሳሳይ አንቀጽ የሥራውን ትልቅ ክፍል ሊይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1886 የተመሠረተው የበርን ስምምነት በአንቀጽ 10 በሕጋዊ መንገድ ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ ላይ መጥቀስን ሲፈቅድ፣ መጠኑ ዓላማው ከሚጠይቀው እንዳያልፍ፣ አጠቃቀሱ ከፍትሐዊ አሠራር ጋር የሚስማማ እንዲሆን፣ ምንጩና በሥራው ላይ ተጽፎ ከተገኘም የደራሲው ስም እንዲጠቀስ ያዛል። የመዝገበ ቃላት ዓላማ አንድን ፍቺ ማሳየት ስለሆነ ከዚያ የሚያልፍ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ትርፍ ነው። አንድ ጠቃሽ ለብዙ ቃላት ከአንድ አጭር ታሪክ ደጋግሞ ሲቀዳ ቁርጥራጮቹ ተደምረው ታሪኩን ሊያስነብቡ እንደሚችሉም መዘንጋት የለበትም። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አለመጥቀስ ደግሞ ሕግ ባይሆንም ጨዋነት ነው፤ ብዙ አጭር ልቦለድ ኀይሉን ያስቀመጠው እዚያ ነውና።

ምንጩን የማስፈር ቅደም ተከተል

መጽሐፉ በእጅ ሳለ የውስጥ ርእስ ገጹን፣ የኅትመት መረጃ የያዘውን ገጽ፣ ማውጫውን፣ ጥቅሱ ያለበትን ገጽና የታሪኩን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ማንሣት ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው። ሽፋኑን ማመን አይገባም፤ በሽፋን ላይ ያለው ርእስ አንዳንድ ጊዜ ያጠረ ወይም ያጌጠ ስለሚሆን ትክክለኛው ርእስ የሚወሰደው ከውስጥ ርእስ ገጹ ነው። የታሪኩ ርእስም ከማውጫው ሳይሆን ከታሪኩ ራስ ላይ ይወሰዳል፤ በማውጫና በታሪኩ ራስ መካከል የፊደል ልዩነት ያለባቸው መድበሎች ጥቂት አይደሉም።

በበይነ መረብ መዛግብተ ቃላት ዘንድ የተለመደው አቀማመጥ ዓመቱን ያስቀድማል፤ ምክንያቱም ከአንድ ፍቺ ሥር ያሉት ጥቅሶች ከጥንቱ ወደ አዲሱ የሚደረደሩት በዓመታቸው ነው። ከዓመቱ ቀጥሎ የታሪኩ ደራሲ ስም፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የታሪኩ ርእስ፣ አርታዒ ካለ ስሙና ኀላፊነቱ፣ በተጋደመ ፊደል የመድበሉ ርእስ፣ የታተመበት ከተማና አሳታሚው፣ በመጨረሻም ገጹ ይገባል። በእውነተኛ ስሞች ፈንታ የየመስኩ (መረጃው የሚሞላበት የየቦታው) ስያሜ ብቻ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

ዓመት፣ የደራሲው ስም፣ «የታሪኩ ርእስ»፣ የአርታዒው ስም (አርታዒ)፣ የመድበሉ ርእስ፣ ከተማ፦ አሳታሚ፣ የእትሙ ዓመት፣ ገጽ፦
ጥቅሱ፣ የሚፈታው ቃል በደማቅ ፊደል።

ብዙዎቹ መዛግብት ይህን በእጅ መጻፍ ሳያስፈልግ መስኮቹን ሞልቶ በወጥ አቀማመጥ የሚያወጣ መለጠፊያ አላቸው፤ መለጠፊያ ካለ በእርሱ መጠቀም ግዴታ ነው ለማለት ያህል ጥቅም አለው፤ ነገ የአቀማመጥ ደንቡ ቢለወጥ መለጠፊያውን በማረም ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሶች አብረው ይታረማሉና። የመጽሐፍ ጥቅስ መለጠፊያ ላይ ለታሪኩ ርእስ ብቻ የተመደበ መስክ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ ታሪኩ የሚገባው ለምዕራፍ በተዘጋጀው መስክ ነው። ስያሜው ሊያሳስት አይገባም። የምዕራፉ መስክ ርእሱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ፣ የመጽሐፉ መስክ ርእሱን በተጋደመ ፊደል ስለሚያወጡ ለታሪክና ለመድበል የሚፈለገው አቀማመጥ ያው ነው። በመጽሐፉ መስክ ውስጥ የታሪኩን ርእስ ማስገባት ግን አንባቢው በዚያ ስም የታተመ መጽሐፍ አለ ብሎ በየቤተ መጻሕፍቱ እንዲፈልግ ያደርገዋል። በተለይ መድበሉ ከታሪኮቹ በአንዱ ስም የተሰየመ ሲሆን ሁለቱም መስኮች ተመሳሳይ ርእስ ይይዛሉ፤ ድግግሞሽ መስሎ የታየው ሰው አንዱን እንዳይሰርዘው በማስታወሻ መግለጽ ይቻላል።

ዓመቱ

ከመስኮቹ ሁሉ ለመዝገበ ቃላት የሚከብደው ዓመቱ ነው፤ ለዚህም ነው በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምቆየው። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ዓመትን የሚፈልገው እትሙን ለመለየት ነው፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ቃሉ በዚያ ፍቺ መቼ እንደ ተጻፈ ለማወቅ ይፈልገዋል። አንድ ደራሲ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በየመጽሔቱ ያወጣቸው ታሪኮች በእርጅናው ዘመን በአንድ መድበል ተሰብስበው ቢታተሙ፣ መድበሉ የታተመበትን ዓመት ለሁሉም መስጠት የወጣትነቱን ቋንቋ የእርጅናው ማስመሰል ነው። በመዝገበ ቃላቱም ላይ ቃሉ ከእውነተኛው ጊዜ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ የተገኘ ይመስላል።

መፍትሔው ሁለቱንም ዓመት መስጠት ነው። ታሪኩ መጀመሪያ የወጣበት ዓመት በመድበሉ መቅድም፣ በታሪኩ ግርጌ ወይም በኅትመት መረጃ ገጹ ላይ ተገልጾ ከሆነ ያ ዓመት በጥቅሱ ራስ ላይ ይገባል፤ በእጅ ያለው እትም ዓመት ደግሞ ከአሳታሚው ቀጥሎ ይሰፍራል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ጽሑፉ ሳይለወጥ እንደ ነበረ እንደገና መታተሙ ሲታመን ነው። ደራስያን ታሪኮቻቸውን ወደ መድበል ሲያስገቡ ያርሟቸዋል፤ ያረጀ የመሰላቸውን ቃል ይለውጣሉ፣ ምልልሱን ያቃናሉ። የምንፈልገው ቃል በዚያ እርማት የገባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጽሔቱን አግኝቶ ቃሉ በመጀመሪያውም ጽሑፍ ውስጥ መኖሩን ማየት ይመረጣል፤ መጽሔቱ ካልተገኘና መቅድሙ ታሪኮቹ መታረማቸውን ከተናገረ፣ በራሱ ላይ የሚገባው የመድበሉ ዓመት ነው፤ የቀድሞው ኅትመት በማስታወሻ ይጠቀሳል። በዚህ ጉዳይ ላይ ወግ አጥባቂ ነኝ፤ ዘግይቶ ግን ተረጋግጦ የተመዘገበ ዓመት፣ ቀድሞ ግን በግምት ከተመዘገበ ይሻላል። ዘግይቶ የተመዘገበውን ሌላ ሰው የቀደመ ጥቅስ ሲያገኝ በቀላሉ ያሻሽለዋል፤ በግምት የቀደመውን ግን ማንም አይጠራጠረውም።

በታሪኩ ግርጌ የሚገኝ ዓመት ታሪኩ የተጻፈበት እንጂ የታተመበት ላይሆን ይችላል። ደራሲው ካረፈ በኋላ ከወረቀቶቹ ተሰብስቦ በታተመ መድበል ይህ ልዩነት አሥርት ዓመታት ሊደርስ ይችላል። የተጻፈበት ዓመት ከታወቀ «የተጻፈው» ተብሎ ተለይቶ ይገባል።

በአማርኛ መጻሕፍት ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ዘመን መለወጫ በመስከረም ስለሆነ አንድ ዓመት በጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር ሁለት ዓመት ላይ ያርፋል፤ 1990 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1997 እስከ መስከረም 1998 ነው። መጽሐፉ ወሩን ካልነገረን ሰባት ወይም ስምንት ደምሮ አንዱን ዓመት በእርግጠኝነት መጻፍ አይቻልም። የሚሻለው በመጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት ከነ«ዓ.ም.»ው አስፍሮ የጎርጎርዮሳውያኑን «1997/98» ብሎ በአጠገቡ ማስቀመጥ ነው። ጥቅሶች በራስ ሰር በሚደረደሩበት መዝገብ ላይ ያለ ምልክት የገባ 1990 ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ይህ የአጻጻፍ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም።

ስሞች

በመድበል ዙሪያ እስከ ሦስት ሰው ሊኖር ይችላል፤ ደራሲው፣ አርታዒው ወይም ሰብሳቢው፣ ተርጓሚው። የአንድ ደራሲ መድበል ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የብዙ ደራስያን መድበል ከሆነ በደራሲው መስክ የሚገባው የታሪኩ ባለቤት ነው፤ በሽፋኑ ላይ ስሙ የጎላው አርታዒ በአርታዒው መስክ ይገባል። አርታዒው መቅድም ጽፎ ጥቅሱ ከመቅድሙ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ በተራው እርሱ ደራሲ ይሆናል፤ «መቅድም» የሚለውም በታሪኩ ርእስ ቦታ ይገባል።

በትርጉም ታሪኮች ላይ ጠቃሾች ሲሳሳቱ በተደጋጋሚ ይታያል። ከሌላ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ ታሪክ ለአማርኛ ቃል የሚመሰክረው ተርጓሚው በጻፈው አማርኛ ነው፤ የቃሉ መራጭ እርሱ ነውና። ስለዚህ በጥቅሱ ራስ ላይ የሚገባው ትርጉሙ የታተመበት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ደራሲ ስም መቅረት የለበትም፣ የተርጓሚውም ስም ከነኀላፊነቱ መጻፍ አለበት። ዋናው ታሪክ ከመቶ ዓመት በፊት መጻፉ ለአማርኛው ቃል ዕድሜ አይጨምርለትም። በተቃራኒው የሚፈታው ቃል የሌላ ቋንቋ ሆኖ መዝገቡ በአማርኛ ሲሆን፣ ጥቅሱ በዋናው ቋንቋ ይገባና የአማርኛ ትርጉሙ ከሥሩ ይቀመጣል፤ ያ ትርጉም የታተመ ከሆነ የማን እንደ ሆነ ይገለጣል፤ ጠቃሹ ራሱ የተረጎመው ከሆነም እንዲሁ።

የደራሲ ስም በመጽሐፉ ላይ እንደ ታተመ ይጻፋል። በብዕር ስም የወጣ ሥራ በብዕር ስሙ ይጠቀሳል፤ እውነተኛው ስም በይፋ የታወቀ ካልሆነ ገላጩ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊሆን አይገባም። ለውጭ ደራስያን ተብለው የተዘጋጁ መለጠፊያዎች ስምን በሁለት መስክ ከፍለው የቤተሰብ ስም ሲጠይቁ፣ የአማርኛ ደራሲን ስም ከነአባቱ በአንድ መስክ ሳይገለብጡ ማስገባት ይገባል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና።

ጽሑፉን መገልበጥ

ጥቅሱ እንደ ታተመ ይገለበጣል። ደራሲው «ሀ»ን «ሐ» ካደረገ፣ «ሰ»ን «ሠ» ካደረገ፣ ያው ይቀመጣል፤ የአጻጻፍ ልዩነቱ ራሱ ለመዝገቡ መረጃ ነው። ይህ ግን ሌላ ሥራ ያስከትላል፤ ቃሉን በተለያየ ፊደል የሚፈልግ አንባቢ እንዲያገኘው በሌላው አጻጻፍ ገጽ ላይ ወደዚህኛው የሚመራ ማመላከቻ ማኖር ያስፈልጋል። ግልጽ የማተሚያ ስሕተት ሲያጋጥም በጽሑፉ ውስጥ ዝም ብሎ ከማረም በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ትክክለኛውን መጨመር ይሻላል። ስሕተቱ በሚፈታው ቃል ላይ ራሱ ካለ ደግሞ ሌላ ጥቅስ መፈለግ ነው።

ደራስያን ሐሳብን ለማንጠልጠል ሦስት ነጥብ ይጽፋሉ፤ ጠቃሽም የዘለለውን ለማሳየት ሦስት ነጥብ ይጽፋል። ሁለቱ እንዳይምታቱ የጠቃሹ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ እንዲህ […] ይገባል። «እሱ» የሚለው ማንን እንደሚያመለክት ካልታወቀም ስሙ በማዕዘን ቅንፍ ሊጨመር ይችላል፤ ከአንድ በላይ ጭማሪ የሚሻ ጥቅስ ግን በደንብ ያልተመረጠ ጥቅስ ነው። በመካከል መዝለል የሚቻለው የሚፈታው ቃል ከባለቤቱና ከተሳቢው ሳይለይ ሲቀር ብቻ ነው።

በቆዩ የአማርኛ ኅትመቶች ቃል መሥመር ላይ ካልበቃ ያለ ምንም ምልክት ተቆርጦ ወደ ቀጣዩ መሥመር ይሻገራል። ቃላት በሁለት ነጥብ በሚለዩበት ጽሑፍ ይህ አያደናግርም፤ በባዶ ቦታ በሚለዩበት ግን በመሥመር ጫፍ ያለው ቁራጭ ራሱን የቻለ ቃል ሊመስል ይችላል። ያልተሰማ ቃል ያገኘ የመሰለው ሰው ወደ ደስታው ከመግባቱ በፊት ቃሉ በመሥመር ጫፍ ላይ መሆን አለመሆኑን ይመልከት። ከምስል ፊደል ለቃሚ ሶፍትዌር የወጣ ጽሑፍም ከገጹ ምስል ጋር ሳይመሳከር አይገባም፤ «ኀ»ን ከ«ነ»፣ «ጸ»ን ከ«ጻ»፣ «ሰ»ን ከ«ስ» ማምታታት ለእነዚህ መሣሪያዎች ቀላል ነው፤ በአማርኛ ደግሞ አንድ የአናባቢ ቅጥያ የቃሉን ሰዋስው ይለውጠዋል።

የሚፈታው ቃል በጥቅሱ ውስጥ በደማቅ ፊደል ይጻፋል። የአማርኛ ግሥ በመዝገቡ ላይ የሚገኘው በሩቅ ወንድ ኀላፊ መልኩ ሲሆን በጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ግን ቅጥያዎቹን ለብሶ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ «መቀዝቀዙን» ከሚለው ውስጥ ሥሩን ብቻ ለይቶ ማድመቅ አይቻልም፤ «ዙ» የግንዱን የመጨረሻ ተነባቢና የባለቤትነት ቅጥያውን በአንድ ፊደል አጣምሮ ይዟልና። ስለዚህ የሚደምቀው ሙሉው ቃል ነው። በዚሁ ምክንያት በበይነ መረብ ላይ መጻሕፍትን በቃል የሚፈልግ ሰው የመዝገቡን መልክ ብቻ ከጻፈ ብዙ ጥቅስ ያመልጠዋል፤ አሉታውን፣ ዘንዱን፣ ተሳቢ የያዘውን እየለዋወጠ መሞከር አለበት።

ገጽና አድራሻ

ገጹ ጥቅሱ የሚገኝበት ገጽ እንጂ ታሪኩ የሚጀምርበት አይደለም፤ ጥቅሱ ከገጽ ወደ ገጽ ከተሻገረ ሁለቱም ይጻፋሉ። በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ላይ የገጽ ቁጥር እንደ ስክሪኑና እንደ ፊደሉ መጠን ስለሚለዋወጥ አይጠቀስም፤ በዚህ ጊዜ የታሪኩ ርእስ ብቻውን ጥሩ አድራሻ ይሆናል፤ ታሪኩ ረዘም ካለ ንዑስ ክፍሉ ወይም የአንቀጹ ቁጥር ይጨመራል። ዓለም አቀፉ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 10 አኃዝ፣ ከጥር 2007 ወዲህ 13 አኃዝ ነው፤ ካለ ይግባ፤ ግን መለያው የመድበሉ ስለሆነ ታሪኩን አይለይም። ወደ ተቃኘ ገጽ የሚወስድ ማገናኛ ለአንባቢ ትልቅ ውለታ ቢሆንም አድራሻዎች ስለሚጠፉ የኅትመቱን መረጃ ሊተካ አይችልም።

ስንት ጥቅስ ይበቃል?

የእንግሊዝኛው ዊክሽነሪ ብዙ ጽሑፍ ላላቸው ቋንቋዎች አንድን ቃል ለመቀበል በቋሚነት ከተቀመጡ ምንጮች የተገኙ፣ እርስ በርሳቸው የማይደገፉ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚሸፍኑ ሦስት አጠቃቀሞችን ይጠይቃል፤ ጽሑፋቸው አነስተኛ ለሆነ ቋንቋዎች አንድም ሊበቃ ይችላል። መድበል በዚህ ቆጠራ ውስጥ ልዩ ጠባይ አለው። ከአንድ ደራሲ መድበል ውስጥ ከሦስት ታሪኮች የተወሰዱ ሦስት ጥቅሶች የአንድ ሰው ቋንቋ ስለሆኑ እንደ አንድ ምስክር ይቆጠራሉ። ከብዙ ደራስያን መድበል የተወሰዱት ግን ሦስት ምስክሮች ናቸው፤ ሁሉም ለዚያ መድበል አዲስ ተጽፈው በአንድ ጊዜ ከታተሙ ግን የአንድ ዓመቱን ርቀት አያሟሉም። ታሪኮቹ አስቀድመው በተለያየ ዓመት የወጡ ከሆነ ርቀቱን የሚያረጋግጠው የየራሳቸው የመጀመሪያ ኅትመት ዓመት ነው፤ ስለ ዓመት ከላይ የተባለው ሁሉ እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛል። አርታዒው የታሪኮቹን አጻጻፍ ወጥ ማድረጉን በመቅድሙ ከገለጸ ደግሞ ሦስቱ ጥቅሶች ለፍቺ ሦስት ምስክር ቢሆኑም ለፊደል አጻጻፍ አንድ ናቸው።

ቃሉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ጥቅስ መከመር አያስፈልግም። ከየዘመኑ አንድ አንድ፣ ፍቺውን በግልጽ የሚያሳይ፣ በፍቺው ሥር ይቀራል፤ የተረፈው ብዙዎቹ መዛግብት ለጥቅስ ብቻ በሚያዘጋጁት ተጓዳኝ ገጽ ይቀመጣል። ሌላ ሰው ቀደም ብሎ ያስገባው ጥቅስ ታሪኩን ሳይጠቅስ መድበሉን ብቻ ይዞ ከተገኘ መሰረዝ አይገባም፤ መጽሐፉን አግኝቶ የታሪኩን ርእስና ዓመት መሙላት፣ መጽሐፉ ካልተገኘ ደግሞ የጎደለው ምን እንደ ሆነ በመዝገቡ የማረሚያ ምልክት አሳይቶ መጽሐፉ ላለው ሰው መተው ነው።